የከብት አካል ስለ ተሠራባቸው ሕዋሳትና ስለ ክፍሎቻቸው ሥራ

ኢትዮጵያ በእርሻ የምትኖር አገር ናት፤ እርሻዋም እስከ ዛሬ ድረስ አብዛኛው በበሬ ጫንቃ ላይ ነው። ስለዚህ የከብት ጤና የአንድ ገበሬ የግል ጕዳይ ብቻ ሳይሆን የወረዳው ሁሉ፥ እንዲያውም የመንግሥት ጕዳይ ነው። ለዚህም ምስክር በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የደረሰው ክፉ ቀን ይበቃል። በዚያን ዘመን ደስታ የተባለው የከብት በሽታ ገብቶ ከአገሩ ከብት ከመቶው ዘጠናውን ያህል እንደ ፈጀ ይገመታል። በሬ ያጣው ገበሬ መሬቱን ጦም አሳደረ፥ ራብም ተከተለ፤ ዳግማዊ ምኒልክም ሕዝቡ በእጁ ቈፍሮ እንዲዘራ ለማበረታታት ራሳቸው መቈፈሪያ ይዘው መሬት ቈፈሩ።

በየወረዳው የከብትን ጤና ነገር የሚያስፈጽም ሹም ከገበሬውና ከአርብቶ አደሩ አፍ ሦስት ጥያቄ ደጋግሞ ይሰማል። አንደኛው፥ በአባ ሰንጋ የታመመን በሬ ቶሎ መርፌ ቢወጉት ሊድን ሲችል፥ በአፍተግር ወይም የበግና የፍየል ደስታ መሰል በሚባለው በሽታ የታመመውን የሚያድን መርፌ የማይገኘው ለምንድን ነው? የሚል ነው። ሁለተኛው፥ ክትባት በበረዶ ታሽጎ የሚመጣውና ለታመመው ቀርቶ ለጤነኛው የሚሰጠው ስለ ምንድን ነው? የሚል ነው። ሦስተኛውም፥ ለጋ ማሽላ የበላች ላም አፏና አፍንጫዋ ሳይዘጋ አየር እንዳጣች ሁሉ እየተንፈራገጠች የምትሞተው ስለ ምንድን ነው? የሚል ነው።

የሦስቱም መልስ የሚገኘው ዐይን በማያየው በአንድ ቦታ ነው፤ ይኸውም ሕዋስ የሚባለው ነው። የሕዋስን አሠራር የተረዳ ሹም ለገበሬው የሚናገረው ነገር ከትእዛዝነት አልፎ ምክንያት ያለው ምክር ይሆናል፤ ምክንያቱን የሰማ ገበሬም የክትባት ቀን ሲደርስ ከብቱን ወደ ዱር ከመሰወር ይልቅ ወደ ሜዳ ያወጣል። ስለዚህ ከዚህ ቀጥሎ የሕዋስ ክፍሎች አንድ በአንድ ከየሥራቸው ጋራ ይገለጻሉ።

ሕዋስ ምን እንደ ሆነ

ግንብ በድንጋይ፥ ሸማም በድርና በማግ እንደሚሠራ፥ የማናቸውም እንስሳ አካል የሚሠራው በሕዋሳት ነው። ሥጋውም፥ ቈዳውም፥ ጕበቱም፥ ደሙም፥ አጥንቱም ሳይቀር የሕዋሳት ስብስብና የሕዋሳት ሥራ ነው።

በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1665 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ሊቅ ሮበርት ሁክ የቡሽ ስስ ቅራፊ በአጉሊ መነጽር ሲመለከት እንደ ማር እንጀራ የተከፋፈሉ ጥቃቅን ክፍሎች አየ፥ ሴል ብሎም ሰየማቸው። (ከዚህ በኋላ የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ እንደዚሁ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1838 ማቲያስ ሽላይደን አትክልት ሁሉ፥ በ1839ም ቴዎዶር ሽቫን እንስሳ ሁሉ ከሕዋሳት እንደ ተሠራ አስታወቁ። በ1855 ደግሞ ሩዶልፍ ፊርኾ የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም ሕዋስ ሁሉ የሚወለደው ከሌላ ሕዋስ እንደ ሆነና በሽታም የሚጀምረው በሕዋስ ላይ በደረሰ ጕዳት እንደ ሆነ አስተማረ።

የከብት ሕዋስ አብዛኛው፥ አንድ ሚሊሜትር ለመቶ ቢከፈል፥ ከመቶው አንድ ወይም ሁለት እጅ ያህል ስፋት ቢኖረው ነው። በተራ አጉሊ መነጽር ገጽታው ይታያል እንጂ የውስጡ ዕቃ ሁሉ ተለይቶ አይታይም። በ1931 ኤርንስት ሩስካና ማክስ ክኖል በብርሃን ፈንታ በኤሌክትሮን የሚሠራ አጉሊ መሣሪያ ከሠሩ በኋላ ግን፥ ሕዋስ ባዶ ከረጢት ሳይሆን ሥራው በሥርዓት የተከፋፈለ ግቢ መሆኑ ታወቀ። ይህን የውስጥ አሠራር በመግለጥ አልበርት ክሎድ፥ ክርስቲያን ደ ዱቭና ጆርጅ ፓላዴ በ1974 የኖቤልን ሽልማት ተቀብለዋል።

ነገሩ ለአንባቢ ቀላል እንዲሆን፥ ሕዋስን አጥርና ደጅ፥ ግምጃ ቤትና ሥራ ቤት፥ ማንደጃና የጥራጊ ማስወገጃ ባለው በአንድ ትልቅ ግቢ መመሰል ይቻላል።

አጥሩና ደጁ

የሕዋስ አጥር ገለፈት ይባላል። ይህም ሁለት እጥፍ ሆኖ ከተነጠፈ ስብና በመካከሉ ከተሰኩ ፕሮቲኖች የተሠራ ነው። ውፍረቱ አንድ ሚሊሜትር ለሚሊዮን ቢከፈል ሰባት ወይም ስምንት እጅ ያህል ብቻ ነው። እንዲህም ስስ ሲሆን የሚገባውንና የሚወጣውን ለይቶ ያውቃል። ከፕሮቲኖቹ አንዳንዶቹ ስኳርን፥ አንዳንዶቹ ጨውን የሚያስገቡ በሮች ናቸው፤ አንዳንዶቹም ከሌላ የሰውነት ክፍል በደም የተላከውን መልእክት ተቀብለው ወደ ውስጥ የሚያሰሙ ደጅ ጠባቂዎች ናቸው።

የእንስሳ ሕዋስ ከዚህ ስስ ገለፈት በቀር ሌላ ግንብ የለውም። የአትክልት ሕዋስ ግን ከገለፈቱ ውጭ እንጨትነት ያለው ግንብ አለው፤ ባክቴሪያ የሚባለው ረቂቅ ተሐዋሲም የራሱ ዓይነት ብርቱ ግንብ አለው። አንባቢው ይህን ልዩነት በልቡ ይያዘው፤ የመጀመሪያውን ጥያቄ የሚፈታው ይህ ነውና።

ከገለፈቱ ውስጥ ያለው ግቢ ሳይቶፕላዝም የሚባል ወፍራም ፈሳሽ የመላበት ነው። በፈሳሹም ውስጥ እንደ ቤት ምሰሶና ማገር የሚሆኑ የፕሮቲን ክሮች ተዘርግተዋል። እነዚህ ክሮች የሕዋሱን ቅርጽ ይይዛሉ፤ ጭነት ከቦታ ወደ ቦታ የሚጓዝባቸው መንገዶችም ናቸው። በበሬ ጡንቻ ውስጥ እነዚህን የመሰሉ ክሮች እጅግ በዝተው በሥርዓት ተደርድረዋል፤ እርስ በርሳቸው ሲሳሳቡ ጡንቻው ይኰማተራል፥ በሬውም ቀንበሩን ይስባል።

ግምጃ ቤቱና በውስጡ የተቀመጠው መጽሐፍ

በአብዛኞቹ የእንስሳት ሕዋሳት መካከል ኑክሊየስ የሚባል ክብ ክፍል አለ፤ ስሙን የሰጠው ስኮትላንዳዊው ሮበርት ብራውን በ1831 ነው። ይህም የግቢው ግምጃ ቤት ነው፤ የራሱም ድርብ አጥር አለው። በውስጡ ያለው ሀብት ዲ ኤን ኤ የሚባለው ነው። ይህ የእንስሳው ሰውነት እንዴት እንደሚሠራ ሁሉ የተጻፈበት ዋና መጽሐፍ ማለት ነው፤ ቅርጹ እንደ ተጠማዘዘ መሰላል መሆኑ በ1953 ታወቀ።

መጽሐፉ አንድ ጥራዝ ሳይሆን ብዙ ጥራዞች አሉት፤ እነርሱም ክሮሞዞም ይባላሉ። የላምና የበሬ ክሮሞዞሞች 60 ናቸው፤ ሠላሳው ከአባት፥ ሠላሳው ከእናት የመጡ ናቸው። የበግ 54፥ የፍየል 60፥ የፈረስ 64፥ የአህያ 62 ናቸው። በቅሎ የማትወልድበት ምክንያት ከዚህ ይገኛል። በቅሎ ከፈረስ እናቷ 32፥ ከአህያ አባቷ 31 ተቀብላ 63 ክሮሞዞሞች አሏት፤ ዘር ለመስጠት ሕዋሶቿ ጥራዞቹን ጥንድ ጥንድ አድርገው ሊከፍሉ ሲነሡ ጥንዱ አይገጥምም፥ ሥራውም ይበላሻል። ነገር ግን ለራሷ ሰውነት ከሁለቱም ወገን የተሟላ መጽሐፍ ስላላት ጠንካራና ጤነኛ ናት።

ሕዋስ ለሁለት ሲከፈል አስቀድሞ መጽሐፉን በሙሉ ይገለብጣል። ከዚያም ሴንትሪዮል የሚባሉ ሁለት ጥንድ ጥቃቅን አካላት ወደ ሁለት ወገን ይሄዳሉ፤ በመካከላቸውም ክሮች ተዘርግተው ጥራዞቹን እኩል ለእኩል ወደ የወገናቸው ይጐትታሉ። ቍስል የሚሽረውና ጥጃ የሚያድገው በዚህ ዓይነት ነው።

ዋናው መጽሐፍ ከግምጃ ቤቱ ከቶ አይወጣም። አንድ ሥራ ሲያስፈልግ ስለዚያ ሥራ የተጻፈው ገጽ ብቻ ይገለበጣል፤ ቅጂውም አር ኤን ኤ ይባላል፤ በግምጃ ቤቱ አጥር ባሉት ቀዳዳዎች አልፎ ወደ ሥራ ቤቱ ይሄዳል። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ዋናው መዝገብ በቦታው ተቀምጦ ግልባጩ ወደ የክፍሉ እንደሚላክ ማለት ነው።

ሥራ ቤቱና ዕቃ አዘጋጁ

ቅጂውን ተቀብለው በተጻፈው መሠረት ፕሮቲን የሚሠሩት ሪቦዞም የሚባሉ እጅግ ጥቃቅን አካላት ናቸው፤ ጆርጅ ፓላዴ በ1950ዎቹ ገለጣቸው። ሸማኔ ክሩን እንደሚያያይዝ እነርሱም አሚኖ አሲድ የሚባሉትን ጥቃቅን ነገሮች በቅጂው ተራ እያያያዙ ፕሮቲን ይሠራሉ። የሪቦዞም መነሻ የሚሰናዳው በግምጃ ቤቱ ውስጥ ኑክሊዮለስ በሚባለው ጠቆር ያለ ቦታ ነው።

ከሪቦዞሞቹ ከፊሉ በሳይቶፕላዝሙ ተበትነው ይሠራሉ፤ ከፊሉ ግን እንደ ተጣጠፈ መጋረጃ ሆኖ ግቢውን በሚመላ ገለፈት ላይ ተለጥፈው ይሠራሉ። ይህ መጋረጃ ኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም ይባላል። ሪቦዞም የተለጠፈበት ክፍል ሻካራ ሆኖ ስለሚታይ ሻካራው፥ ያልተለጠፈበት ደግሞ ልስልሱ ይባላል። ልስልሱ ስብ ይሠራል፤ በጕበት ሕዋስ ውስጥም ከመኖ ጋራ የገባውን ልዩ ልዩ መርዝ ይለውጣል። የተሠራው ፕሮቲን ከዚህ ተነሥቶ በትናንሽ ከረጢት ሆኖ ወደ ጎልጂ ይሄዳል። ይህም ክፍል በ1898 ባወቀው በኢጣሊያዊው ካሚሎ ጎልጂ ስም የተጠራ ነው፤ ሥራውም የመጣለትን ማረም፥ መለየት፥ ማሸግና ወደሚገባው ቦታ መላክ ነው።

ይህ ሁሉ ክፍል በአንድነት ሲሠራ በግልጽ የሚታየው በምትታለብ ላም ጡት ሕዋስ ውስጥ ነው። ሕዋሱ አሚኖ አሲዱን ከደሟ ይወስዳል፤ በሻካራው መጋረጃ ላይ ያሉት ሪቦዞሞች ኬዚን የሚባለውን የወተት ፕሮቲን ይሠራሉ፤ ጎልጂም ያሽገዋል። የወተት ስኳር የሚሠራውም እዚያው በጎልጂ ውስጥ ነው፤ ይህም ስኳር ውሃን ወደ ከረጢቱ ይስባል። ከዚህ በኋላ ከረጢቱ ወደ ወተት መውረጃው በኩል ሄዶ ከአጥሩ ጋራ ይዋሐድና የያዘውን ያፈስሳል። ቅባቱ ግን ከአጥሩ ቍራጭ ለብሶ እንደ ፍሬ ተቈርጦ ይወጣል። አንድ ሊትር ወተት እስኪሠራ ድረስ ከ400 እስከ 500 ሊትር ደም በጡቷ ውስጥ እንደሚያልፍ ይቈጠራል። እንግዲህ ውሃ በወቅቱ ያልጠጣች፥ መኖዋም ፕሮቲን የጎደለው ላም ወተቷ ቢቀንስ የሚያስደንቅ አይደለም፤ ሸማኔው ክር ካጣ ሸማ አይወጣምና።

ማንደጃው

ሥራ ሁሉ ኀይል ይፈልጋል። ኀይል የሚወጣባቸው ክፍሎች ሚቶኮንድሪያ ይባላሉ። እነዚህ ሞላላ ሆነው ድርብ ገለፈት ያላቸው ናቸው፤ የውስጠኛው ገለፈት እጥፋት የበዛበት ነው። ከመኖው የተገኘውን ነገር፥ እንስሳው በሳንባው ከሳበው ኦክስጅን ጋራ አዋሕደው ኤ ቲ ፒ የሚባለውን የኀይል መያዣ ይሠራሉ፤ ይህም እንደ ጥሬ ገንዘብ በግቢው ሁሉ የሚመነዘር ነው። ትራፊው ውሃና ከትንፋሽ ጋራ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው።

በከብት ለዚህ ማንደጃ ማገዶ የሚሆነው አብዛኛው ነገር በጨጓራ ውስጥ የሚኖሩ ረቂቃን ተሐዋስያን ሣሩንና ገለባውን አፍልተው የሚያወጡት አሲድ ነው፤ የከብቱ የራሱ ሕዋሳት የሣርን እንጨትነት ሊያፈርሱ አይችሉምና። ሚቶኮንድሪያ ከዋናው መጽሐፍ የተለየ የራሳቸው ትንሽ ዲ ኤን ኤ አላቸው፤ ጥጃም እርሱን የሚወርሰው ከእናቱ ነው። ሳያቋርጥ የሚሠራው የልብ ጡንቻ በሚቶኮንድሪያ እጅግ የተሞላ ነው።

የሦስተኛው ጥያቄ መልስ እነሆ። ማሽላ ለጋ ሳለ፥ ይልቁንም በድርቅ ጠውልጎ ወይም ከታጨደ በኋላ እንደ ገና ሲያቈጠቍጥ፥ በሚታኘክበት ጊዜ ሲያናይድ የሚባለውን መርዝ የሚያወጣ ነገር በቅጠሉ ይበዛበታል። ይህ መርዝ በደም ወደ ሕዋስ ገብቶ በሚቶኮንድሪያ ውስጥ ኦክስጅን የሚሠራበትን የመጨረሻውን ደጅ ይዘጋል። ላሚቱ ትተነፍሳለች፥ ደሟም ኦክስጅን ተሸክሞ ይሄዳል፤ ነገር ግን ማንደጃው ሊጠቀምበት አይችልም። ስለዚህ ደሟ ደማቅ ቀይ ሆኖ ሳለ ሕዋሶቿ በመታፈን ይሞታሉ። ሞቱም ከደቂቃዎች እስከ ጥቂት ሰዓት ስለሚደርስ፥ የእንስሳት ሐኪም መድኃኒቱን ይዞ ካልፈጠነ አይደረስበትም። የሚሻለው መጠንቀቅ ነው፤ ይኸውም ማሽላው ቁመቱ 60 ሴንቲሜትር ሳያልፍ፥ ወይም ከድርቅ በኋላ ዝናብ አግኝቶ ወዲያው ሲያቈጠቍጥ፥ ከብት እንዳይገባበት መከልከል ነው።

የጥራጊ ማስወገጃውና የሚሸሸግበት ጠላት

ክርስቲያን ደ ዱቭ በ1955 ሊሶሶም ብሎ የሰየማቸው ከረጢቶች ብርቱ ማቅለጫ የያዙ ናቸው። ያረጀውን የግቢ ዕቃ አፍርሰው ለአዲስ ሥራ ያውሉታል። በነጭ የደም ሕዋሳት ውስጥ ግን የጦር መሣሪያም ናቸው። ነጩ የደም ሕዋስ ባክቴሪያውን ውጦ በከረጢት ይይዘዋል፤ ሊሶሶሙም ከከረጢቱ ጋራ ተዋሕዶ ያቀልጠዋል።

ሆኖም ይህን ተንኰል የሚያመልጥ ጠላት አለ። የከብት ነቀርሳ ባክቴሪያ ከተዋጠ በኋላ ሊሶሶሙ ወደ እርሱ እንዳይደርስ እየከለከለ በገዛ ወታደሩ ሆድ ውስጥ ይኖራል። የሚያስወርደው የብሩሴላ ባክቴሪያም እንደዚሁ በሕዋስ ውስጥ ይሸሸጋል። ላሚቱ ጤነኛ መስላ ለብዙ ጊዜ የምትኖረው፥ በወተቷ ግን በሽታውን ወደ ሰው ልታስተላልፍ የምትችለው ስለዚህ ነው። ስለዚህ ወተትን ሳያፈሉ መጠጣት አይገባም።

ስለ ቫይረስና ስለ ሐሰተኛው ትእዛዝ

አሁን የመጀመሪያው ጥያቄ ሊመለስ ይችላል። የአባ ሰንጋ ምክንያት ባክቴሪያ ነው፤ ባክቴሪያም ምንም ቢያንስ ራሱን የቻለ ሕዋስ ነው። የራሱ ግንብ፥ የራሱም ዓይነት ሪቦዞም አለው። አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1928 ያገኘው ፔኒሲሊን ባክቴሪያው ግንቡን እንዳይሠራ ይከለክላል። የበሬው ሕዋስ እንዲህ ያለ ግንብ ስለሌለው መድኃኒቱ በሬውን ሳይጎዳ ጠላቱን ያፈርሳል። ቴትራሳይክሊን የሚባለውም የባክቴሪያውን ሪቦዞም እንጂ የበሬውን ሪቦዞም ያን ያህል አይነካም።

በቆላ ጸጼ የምትባለው ዝንብ የምታስተላልፈው ገንዲ በመካከል የቆመ ነው። የእርሱ ምክንያት ትሪፓኖዞም አንድ ሕዋስ ብቻ ያለው ፍጥረት ሲሆን፥ እንደ ከብቱ ሕዋስ ኑክሊየስም ሚቶኮንድሪያም አለው፤ ግንብ ግን የለውም። ጠላቱ ከከብቱ ጋራ እንዲህ ስለሚመሳሰል ለመድኃኒቱ የሚቀረው ልዩነት ጠባብ ነው። ስለዚህ የገንዲ መድኃኒት ሲበዛ ከብቱን ይጎዳል፥ ሲያንስ ደግሞ ተሐዋሲውን መድኃኒት ያለማምደዋል፤ በከብቱ ክብደት ልክ ካልሆነ አይሰጥም።

ቫይረስ ግን ከቶ ሕዋስ አይደለም። ግምጃ ቤትም፥ ሥራ ቤትም፥ ማንደጃም የለውም፤ ራሱን ችሎ ሊበላም ሊራባም አይችልም። በልባስ የተጠቀለለ አንድ የትእዛዝ ጽሑፍ ነው እንጂ ሌላ አይደለም። በአስተዳደር ሥራ ላለ ሰው ነገሩ በምሳሌ ይገባዋል። አንድ ተንኰለኛ ሐሰተኛ ማኅተም ቀርጾ በመንግሥት ስም ደብዳቤ ቢልክ፥ የክፍሉ ሠራተኞች እውነተኛ ትእዛዝ መስሏቸው በመንግሥት ገንዘብና በመንግሥት ዕቃ ይፈጽሙታል። የቫይረስም ሥራ ይህ ነው።

ደስታና ደስታ መሰል የሚባሉት በሽታዎች ምክንያታቸው የቅርብ ዘመዳሞች የሆኑ ሁለት ቫይረሶች ናቸው፤ የሰው ኩፍኝም ከዚሁ ወገን ነው። ቫይረሱ በልባሱ ላይ ባለው ቍልፍ የነጩን የደም ሕዋስ ደጅ ከፍቶ ይገባል። ወደ ግምጃ ቤቱ እንኳ አይሄድም፤ የራሱን ገልባጭ ይዞ ስለሚመጣ እዚያው በሳይቶፕላዝሙ ውስጥ ትእዛዙን እያባዛ ለሪቦዞሞቹ ያድላል። ሪቦዞሞቹም የከብቱን ሥራ ትተው የቫይረሱን አካል ይሠራሉ፤ ማንደጃውም ለዚሁ ይነድዳል። አዲሶቹ ቫይረሶች ከሕዋሱ ከራሱ ገለፈት ቈርሰው እየለበሱ ይወጣሉ፥ ሕዋሱም ይሞታል። የሚሞቱት ነጭ የደም ሕዋሳትና የአፍ፥ የአፍንጫ፥ የአንጀት ልባስ ሕዋሳት ስለ ሆኑ፥ አፉ ይቈስላል፥ ዐይኑ ያነባል፥ ብርቱ ተቅማጥም ይይዘዋል።

እንግዲህ መድኃኒት ቫይረሱን የሚመታው በምኑ ላይ ነው? ግንብ የለውም፤ ሪቦዞሙ የበሬው የራሱ ሪቦዞም ነው፤ ማንደጃውም የበሬው ነው። ፔኒሲሊን ቢሰጠው ቫይረሱን አይነካውም፤ የእንስሳት ሐኪም አንዳንድ ጊዜ የሚሰጠው በቍስሉ ላይ የሚጨመረውን ባክቴሪያ ለመከልከል ብቻ ነው። ይህን ሳያውቁ ባክቴሪያ የሚገድለውን መድኃኒት ለቫይረስ በሽታ መበተን ገንዘብን ማባከን፥ ባክቴሪያውንም መድኃኒት ማለማመድ ነው።

ክትባት ስለሚሠራበት ሁኔታ

የሚቀረው መንገድ ሐሰተኛው ደብዳቤ ሳይደርስ ደጅ ጠባቂው ማኅተሙን እንዲያውቀው ማድረግ ነው፤ ይህም ክትባት ነው። ለደስታ መሰል በሽታ የሚሰጠው ክትባት ሕያው ሆኖ ኀይሉ የደከመ ቫይረስ ነው። በገባ ጊዜ ለዚህ ሥራ የተመደቡ ነጭ የደም ሕዋሳት ቅርጹን ያጠናሉ፥ ይባዛሉ፥ ሻካራው መጋረጃቸውም እጅግ ይሰፋል፤ ከዚያም የቫይረሱን ቍልፍ የሚደፍን ፕሮቲን ይሠራሉ። ከነዚህ ሕዋሳት አንዱ በአንድ ሴኮንድ 2000 ያህል እንዲህ ያለ ፕሮቲን ሊያወጣ እንደሚችል ተገምቷል። ሆኖም ማጥናቱና መባዛቱ አንድና ሁለት ሳምንት ይፈጃል፤ በሽታው ግን ይህን ያህል ጊዜ አይሰጥም። ክትባት ለጤነኛው እንጂ ለታመመው የማይሆነው ስለዚህ ነው። ከሕዋሳቱም ከፊሉ ትዝታውን ይዘው ለዓመታት ይኖራሉ።

በረዶው የሚያስፈልግበት ምክንያትም ከዚሁ ይታወቃል። የቫይረሱ ልባስ ስብና ፕሮቲን ነው፤ ሙቀት ሲያገኘው ይፈርሳል። የፈረሰ ቫይረስ ወደ ሕዋስ ሊገባ አይችልም፥ ሕዋሳቱም ሊያጠኑት አይችሉም። በፀሐይ የዋለ ክትባት ቢወጉት ከብቱ ተከተበ ተብሎ ይጻፋል እንጂ አልተከተበም። ከዚህም የተነሣ በሽታው በተነሣ ጊዜ ገበሬው ክትባትን ሁሉ ሐሰት ነው ይላል፤ ይህም ከከብቱ ሞት የማያንስ ጕዳት ነው።

የሕዋስ ዕውቀት ለክትባት ሥራ የሰጠው ጥቅም በደስታ በሽታ ታሪክ ታይቷል። እንግሊዛዊው የእንስሳት ሐኪም ዋልተር ፕላውራይት ከባልደረቦቹ ጋራ በኬንያ ሙጉጋ በተባለው ስፍራ የጥጃ ኵላሊት ሕዋሳትን በብርጭቆ ውስጥ አሳደገ፤ የደስታን ቫይረስም ከሕዋስ ወደ ሕዋስ 90 ጊዜ ያህል እያሸጋገረ፥ በሽታ የማያመጣ ነገር ግን ዕድሜ ልክ የሚጠብቅ ክትባት በ1960ዎቹ መጀመሪያ አስገኘ። በኋላም ሙቀትን ለሳምንታት የሚቋቋም ክትባት ተሠራ፤ በ1990ዎቹ በአፋር ከአርብቶ አደሩ ከራሱ መካከል የተመረጡ ሰዎች ተምረው በእግራቸው እየተጓዙ ሰጡት። በኢትዮጵያ ደስታ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው በ1995 ነው፤ በ2011ም ከዓለም ሁሉ መጥፋቱ ታወጀ። ከሰው ፈንጣጣ ቀጥሎ በሰው ጥረት ከምድር የጠፋ ሁለተኛው በሽታ እርሱ ነው።

ለሹማምንት የሚገባ ጥንቃቄ

አሁን የቀረው ዘመዱ ደስታ መሰል በሽታ ነው፤ በግና ፍየል ለድኻው ቤተ ሰብ እንደ ጥሪት ገንዘብ ስለ ሆኑ ጕዳቱ ቀላል አይደለም። ይህን በሽታ እስከ 2030 ከዓለም ለማጥፋት በ2015 ዕቅድ ተነድፏል። ለዚህ ሥራ የሚያገለግለው ክትባት በቢሾፍቱ በሚገኘው በብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ይሠራል። ነገር ግን በቢሾፍቱ በደኅና የተሠራው ክትባት በወረዳው በጥቂት ሰዓት ቸልታ ሊጠፋ ይችላል።

ስለዚህ የየወረዳው ሹም እነዚህን ነገሮች ሊያስብ ይገባዋል። በመጀመሪያ፥ በሽታ መነሣቱ በተሰማ ጊዜ ምክንያቱ ባክቴሪያ ወይም ቫይረስ መሆኑ በእንስሳት ሐኪም ሳይለይ መድኃኒት እንዳይበተን ማድረግ ነው። በአባ ሰንጋ የተጠረጠረ ሬሳም እንዳይቀደድ፥ ሥጋውም እንዳይበላ ይከልክል። ሁለተኛ፥ ክትባቱ ከግምጃ ቤት ከወጣበት ሰዓት ጀምሮ እስከ ተወጋበት ሰዓት ድረስ ቅዝቃዜው በማን እጅ እንደ ተጠበቀ በመዝገብ ይጻፍ። አንዳንዱ ክትባት ከቶ መርጋት የማይስማማው ስለ ሆነ በጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ይነበብ፤ ተበጥብጦ የተረፈውም ለነገ ተብሎ አይቀመጥ። ሦስተኛ፥ ክትባት በሽታው ከመድረሱ አስቀድሞ ይሰጥ፤ የታመመው ተለይቶ ይታሰር፥ የገበያ መንገድም ይጠበቅ። አራተኛ፥ ለገበሬው ትእዛዙ ብቻ ሳይሆን ምክንያቱም ይነገረው።

የሕዋስን ነገር ለሕዝብ ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም። ዐይን በማያየው በአንድ ትንሽ ግቢ ውስጥ መጽሐፍ፥ ሥራ ቤትና ማንደጃ እንዳለ፥ ሐሰተኛ ትእዛዝ ከገባበት ግን ሁሉ ለጠላት እንደሚሠራ ቢነገረው ይበቃዋል። ደብዳቤንና ማኅተምን የሚያውቅ ሕዝብ ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ የተረዳም ሰው መንጋውን በክትባት ቀን ሳይጠሩት ይዞ ይመጣል።